የገበሬው ጆሮና የራዲዮው ድምፅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ አንድ የገጠር ወረዳ ወርደን ሳለ፥ በገበያው ዳር ከዋርካ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለው ካገኘናቸው ሽማግሌ ገበሬ ጋር ስለ ራዲዮ ጨዋታ አነሣን። ራዲዮ አለዎት ወይ ብለን ጠየቅናቸው፤ አላቸው። ስለ እርሻ የሚነገረውንስ ያዳምጣሉ ወይ አልናቸው፤ አልፎ አልፎ ያዳምጣሉ። የእህል ዋጋ ሲነገር ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ግን ፈገግ አሉና፥ የእርሳቸው ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ እንደ ሆነ፥ ዋጋው የሚነገረው ግን ገበያው ከተበተነ በኋላ በማግሥቱ እንደ ሆነ ገለጡልን። በማግሥቱማ ራዲዮው ለእርሳቸው ከሚነግራቸው እርሳቸው ለራዲዮው ቢነግሩት ይቀላል አሉን። እኛም ሣቅን፤ እርሳቸውም ሣቁ። ወደ ከተማ ተመልሰን ስናሰላስለው ግን ነገሩን የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘነውም።

እንደሚታወቀው ገበሬ ያመረተውን ያውቃል እንጂ የሚሸጥበትን ዋጋ ራሱ አይቈርጥም። ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ጤፍ ወይም ስንዴ በአህያ ጭኖ ገበያ ሲደርስ የሚጠብቀው ነጋዴ፥ ትናንት በከተማ እህል በስንት እንደ ዋለ አስቀድሞ ሰምቷል። ገበሬው ግን አልሰማም። ጭነቱን ይዞ ተመልሶ እንዳይሄድ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጁ ጨው አምጣ ብሎታል፤ ዕዳም አለበት። ስለዚህ የተነገረውን ዋጋ ይቀበላል። በዚያች አንዲት ሰዓት ክርክር ውስጥ የሚጐድልበት ገንዘብ ለቤተ ሰቡ የልብስና የደብተር ገንዘብ ነው። የዋጋ ወሬ በጊዜው መድረሱና አለመድረሱ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ይህንን ነገር ሌሎች አገሮች ከእኛ ቀደም ብለው ስላዩት፥ ገበሬዎቻቸው ከራዲዮ ምን መስማት እንደ ወደዱና የራዲዮ ሹማምንቶቻቸው ያንን እንዴት እንደ ተረዱት በአጭሩ ለመተረክ አሰብን። ታሪኩ የሚበዛው የውጭ አገር ስለ ሆነ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን፤ የአገራችንን ስናነሣ ብቻ ዓ.ም. እንላለን።

የዋጋ ወሬ ለገበሬ መንገር ከራዲዮ በፊት የተጀመረ ነው። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የገበያ ወሬ ያወጣው በ1915 በሉዊዚያና ግዛት፥ ሃመንድ በምትባል ከተማ ሲሆን፥ ወሬውም ስለ እንጆሪ ነበር። ከእህል ሁሉ ተለይቶ እንጆሪ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንዴ ጐተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል፤ እንጆሪ ግን ከተለቀመ በኋላ የሚቈየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ገበሬው ፍሬውን በባቡር ጭኖ ወደ አንድ ከተማ ሲሰድ፥ በዚያው ቀን ጎረቤቱም፥ የጎረቤቱም ጎረቤት ወደዚያው ከተማ ሰደው ከሆነ፥ ፍሬው ረክሶ የባቡሩን ኪራይ እንኳ ሳይከፍል ይቀራል። ስለዚህ ስንት ፉርጎ ወዴት እንደ ተጫነ በቴሌግራፍ ማስታወቅ ተጀመረ።

ነገር ግን ቴሌግራፍ የሚያልቀው በባቡር ጣቢያው ነው። ከጣቢያው እስከ ገበሬው ደጃፍ ያለው መንገድ በፖስታ የሚሄድ ስለ ሆነ ወሬው ሲደርስ ያረጃል። ሽቦ የማያስፈልገው ቴሌግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ የእርሻ ሚኒስቴር ሰዎች ዐይናቸውን የጣሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 15 ቀን 1920 የአሜሪካ የመስፈርትና የልኬት መሥሪያ ቤት በዋሽንግተን ባለው ጣቢያው 500 ቃል ያህል የሚሆን የዕለት የገበያ ወሬ መላክ ጀመረ። የሚሰማውም በዋሽንግተን ዙሪያ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ወሬ በሰው ድምፅ የሚነገር አልነበረም። በሞርስ ምልክት፥ አጭርና ረዥም ሆኖ ጢ ጢ እያለ የሚመጣ ነበር። ታዲያ ከገበሬዎች ውስጥ ሞርስ የሚያውቅ ማን ነው? በዚያ ዘመን ይህንን የሚያውቁት፥ ከሽቦና ከእንጨት መቀበያ መሣሪያ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ጐረምሶች ነበሩ። ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን አድርጎ ምልክቱን ወደ ፊደል ይገለብጣል፤ አባቱና የአካባቢው ገበሬዎች ከእርሱ ይሰማሉ። በአገራችንም ደብዳቤ ሲመጣ የመንደሩ ተማሪ ተጠርቶ ለሽማግሌዎች ያነብብ እንደ ነበረ ማለት ነው። ሥራው በዚያ ጣቢያ የቈየው አራት ወር ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በፖስታ መሥሪያ ቤቱ የራዲዮ ጣቢያዎች በኩል ቀጠለ። በዚሁ ጊዜ በማዲሰን ከተማ ያለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1921 ጥር ወር የአየር ጠባይ ወሬ በሰው ድምፅ መናገር ስለ ጀመረ፥ ሞርስ የማያውቅ ገበሬም መስማት ቻለ።

ጊዜው ለገበሬው እጅግ ክፉ ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት አውሮፓን ሲመግብ የነበረው የአሜሪካ ገበሬ፥ ሰላም ከሆነ በኋላ ገዢ አጣ። በ1920 አጋማሽ ከ2 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አንድ ቡሸል ስንዴ፥ ማለት 27 ኪሎ ገደማ፥ በ1921 መጨረሻ ወደ 1 ዶላር ወረደ። ዋጋ እንዲህ በሚናድበት ጊዜ የአንድ ሳምንት ወሬ መቅደም ወይም መዘግየት አንድን ቤት ያቆማል ወይም ያፈርሳል። ከዚያ በፊት የቺካጎን ዋጋ በየዕለቱ የሚያውቀው በባቡር ጣቢያው አጠገብ ትልቅ ጐተራ ያለው የእህል ገዢ ብቻ ነበር፤ ቴሌግራፉ ወደ እርሱ ይመጣልና። ራዲዮ ከተገኘ በኋላ ግን ገበሬው ጋሪውን ከመጫኑ በፊት በወጥ ቤቱ ተቀምጦ ያንኑ ዋጋ ሰማ። ገዢው የሚጠራውን ዋጋ ከሰማው ጋር ያስተያያል፤ የማይስማማው ከሆነም ጋሪውን ሳይጭን ይውላል።

ይሁን እንጂ የገበሬው ምርጫ በዋጋ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። በ1924 ሚያዝያ ወር ሲርስ ሮበክ የተባለው፥ ለባላገር ዕቃ በፖስታ የሚሸጥ ታላቅ የንግድ ኩባንያ፥ በቺካጎ ደብሊው ኤል ኤስ የሚባል ጣቢያ ከፈተ። ዓላማው ለገበሬ የእርሻ ወሬ መስጠት ነበር፤ ዕቃ መሸጡም እንዳልተረሳ ግልጽ ነው። ጣቢያው በተከፈተ በሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በጐተራ ውስጥ እንደሚደረግ የገበሬ ጭፈራ ያለ የሙዚቃ ዝግጅት፥ የባላገር ቫዮሊን የሚመታበት፥ አሰማ። ለጆሮአቸው የከተማ ሙዚቃ የለመደ የኩባንያው ኃላፊዎች ነገሩን አልወደዱትም። ነገር ግን የባላገሩ ደብዳቤ በብዛት ስለ ጐረፈ ዝግጅቱ ሊቀር አልቻለም፤ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታትም ቈየ። እኛ ከዚህ የምንረዳው ገበሬው ዋጋ የሚነግረውን ጣቢያ የሚያምነው፥ ጣቢያው የራሱ መስሎ ሲታየው ነው። በማሲንቆ የሚጀምር ዝግጅት ከመለከት ጋር ከሚጀምር ይልቅ በመንደራችን እንደሚሰማ ማን ያጣዋል?

ሌላም ልዩ ነገር አለ፤ እርሱም ባትሪ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ እርሻ ቤቶች የኤሌክትሪክ መብራት የነበረው አንዱ ብቻ ገደማ ነበር። ስለዚህ የገበሬው ራዲዮ የሚናገረው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ወደ ከተማ ወስዶ ማስሞላት ያስፈልጋል። በ1930 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከከተማ ቤተ ሰቦች ግማሹ ራዲዮ ሲኖራቸው፥ ከገበሬ ቤተ ሰቦች ግን ያላቸው ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለው አድማጭ ራዲዮውን ከፍቶ ሲያስለፈልፍ አይውልም። የሚፈልገው የሚነገርበትን ሰዓት ጠብቆ ይከፍታል፤ የአየሩን ጠባይና ዋጋውን ሰምቶ ይዘጋል። በልጅነታችን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እያየን ያደግን ሰዎች ይህንን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። አያቶቻችን ራዲዮውን ከፍተው ዜናው እንዳለቀ ክርክም ሲያደርጉት የምናዝነው እኛ ልጆች ነበርን፤ ዘፈኑ የሚመጣው ከዜናው በኋላ ነበርና።

ስለ ሰዓቱ ነገር አሜሪካኖች በቶሎ ገባቸው። በ1928 ጥቅምት (ኦክቶበር) ወር በኤን ቢ ሲ ጣቢያዎች የተጀመረው የእርሻና የቤት ሰዓት የተባለው የአገር አቀፍ ዝግጅት የተመደበው ከቀኑ እኩሌታ ላይ ነው። ገበሬው በዚያን ጊዜ ከእርሻው ተመልሶ ምሳውን ይበላል፤ ፈረሶቹም ይመገባሉ፤ የጠዋቱ የቺካጎ ገበያ ዋጋም ታውቋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1926፥ የእርሻ ሚኒስቴር ለገበሬ ሚስቶች አክስት ሳሚ የምትባል የልብ ወለድ ሴት ፈጥሮ ስለ ምግብና ስለ ቤት አያያዝ እንድትናገር አድርጎ ነበር። በእውነቱ አክስት ሳሚ አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ሚኒስቴሩ የጻፈውን አንዱን ጽሑፍ በየጣቢያው ያሉ ልዩ ልዩ ሴቶች በየአገራቸው አነጋገር ያነቡት ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ብልኀት ማግኘታቸው፥ ወረቀት ስናገላብጥ የምንውለውን እኛን ያስደስተናል።

ወደ እንግሊዝ ስንሻገር የምናገኘው ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ምግብ በራሽን ይታደል ነበር፤ ይህም እስከ 1954 ቈይቷል። መንግሥቱ ትንንሾቹ ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ዘዴ ተምረው ብዙ እንዲያመርቱ አጥብቆ ፈለገ። ቢ ቢ ሲም የእርሻ ትምህርት በራዲዮ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ እንደ ስብከት ስለ ደረቀ የሚያዳምጠው ጥቂት ሰው ነው። በ1948 በበርሚንግሃም ከተማ የገበሬ ተወካዮችና የራዲዮ ሰዎች ተሰብስበው ምን እንደሚሻል ሲመካከሩ፥ ሚስተር ሄንሪ በርት የተባሉ የሊንከንሻየር ገበሬ ተነሥተው፥ የሚያስፈልገን የገበሬ ዲክ ባርተን ነው አሉ። ዲክ ባርተን በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ማታ ማታ በጉጉት የሚያዳምጠው የጀግና ሰላይ ታሪክ ነበር። ጉባኤው ሣቀ። የቢ ቢ ሲው ሚስተር ጎድፍሬይ ቤዝሊ ግን ነገሩን አልረሱትም።

ከዚህ የተነሣ በ1950 በበዓለ ጰራቅሊጦስ ሳምንት ለሙከራ፥ ከ1951 ጥር (ጃንዋሪ) 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ለመላው አገር አርቸሮቹ የሚባል ተከታታይ ታሪክ በራዲዮ ይነገር ጀመር። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ዐይነት ገበሬ ነበረ። አንደኛው ብልኅና ትጉህ ሆኖ ገንዘብ ያነሰው ዳን አርቸር ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብም ጥንቃቄም የሌለው ዋልተር ጋብሪኤል ነው፤ ሦስተኛው ለግብር ሲል እየከሰረ የሚያርስ ሀብታም ነጋዴ ነው። አድማጩ ገበሬ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል። የእርሻ ሚኒስቴር የሚያቀብለው ምክር በታሪኩ ውስጥ እንደ ጨው እየተነሰነሰ ይገባ ነበር።

ይህ ዝግጅት በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን አድማጭ አገኘ። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር 20 ሚሊዮን ገበሬ የለም፤ የበዙት አድማጮች የከተማ ሰዎች ናቸው። ቀስ በቀስም ታሪኩ የእነርሱ ሆነ። በ1972 ዝግጅቱ ገበሬን የማስተማር ኃላፊነት እንደሌለበት ተወሰነ፤ ታሪኩ ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እኛ እንደሚመስለን ገበሬው የጠየቀው ነገር ተሰጠው፤ ሲያምር ጊዜ ሌላው ወሰደበት።

አሜሪካም እንግሊዝም ድምፁ የሚሄደው ከከተማ ወደ ገጠር ብቻ ነበር። መልስ ይመጣ የነበረው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውንም ጣቢያው ቢፈልግ ያነበዋል፥ ባይፈልግ ይተወዋል። መልሱ በሥርዐት የተደራጀው በካናዳ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቈያለን።

በ1941 የካናዳ ራዲዮ (ሲ ቢ ሲ)፥ የካናዳ የጐልማሶች ትምህርት ማኅበርና የካናዳ የእርሻ ፌደሬሽን ተባብረው ብሔራዊ የገበሬዎች የራዲዮ ሸንጎ የሚባል ዝግጅት መሠረቱ። የተመረጠው ጊዜ ከኅዳር (ኖቬምበር) እስከ መጋቢት (ማርች) ሲሆን፥ በዚያ አገር ምድሩ በበረዶ የሚሸፈንበት፥ ገበሬው ሥራ የሚፈታበት ወራት ነው። ቀኑ ሰኞ፥ ሰዓቱ ማታ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ልክ በእኛ አገር ማኅበርተኛ በየተራ እየደገሰ በየቤቱ እንደሚሰበሰበው ነው። አስቀድሞ በፖስታ በሚደርሳቸው ትንሽ መጽሔት የዕለቱን ጉዳይ ያነብባሉ፤ ግማሽ ሰዓት ራዲዮውን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ራዲዮው ይዘጋና ክርክሩ ይጀመራል። ጸሐፊው የደረሱበትን አሳብ በወረቀት አድርጎ ለክፍለ ሀገሩ ዋና ጸሐፊ ይልካል። የየቡድኑ መልስ ተጠቃልሎ በራዲዮ ይነገራል። መፈክራቸውም አንብብ፥ አድምጥ፥ ተወያይ፥ ሥራ የሚል ነበር።

በራዲዮ የሚነሣው ጉዳይ እንደ ማዳበሪያና እንደ ዘር ያለው ብቻ አልነበረም። የምርት ዋጋ ለምን ይወርዳል? ገበሬ በኅብረት ቢሸጥ ምን ያገኛል? የገጠር ትምህርት ቤት እንዴት ይሻሻል? የታመመ ሰው ሐኪም የሚያገኘው በምን ገንዘብ ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይነሡ ነበር። ሲደምቅ እስከ 27,000 የሚደርስ ሰው ሰኞ ሰኞ ማታ በየጎረቤቱ ይሰበሰብ ነበር ይባላል። ከክርክሩም የተነሣ አንዳንዱ መንደር የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመ፤ አንዳንዱ የኤሌክትሪክ መስመር እንዲገባለት ጠየቀ። በዋጋ ረገድ የሚገርመን አንድ ነገር አለ። ገበሬው ብቻውን ሲሰማ የዛሬው ዋጋ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲሰማ ግን ዋጋውን የሚቈርጠው ማን ነው ወደሚለው ጥያቄ ይሻገራል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለአንዳንድ ሹማምንት እንደማይመቻቸው መገመት አያቅትም።

ሸንጎው በ1965 ተዘጋ። ቴሌቪዥን መጥቶ ሰው በየቤቱ መቀመጥን መረጠ፤ እርሻውም እየሰፋ ገበሬው እየቀነሰ ሄደ፤ የቡድኖቹም ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይጐድል ነበር። ነገር ግን ከመዘጋቱ በፊት አሳቡ ባሕር ተሻግሮ ነበር።

የተሻገረው ወደ ህንድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ስለ ካናዳው ሸንጎ የተደረገውን ጥናት በ1954 አሳትሞ ስለ ነበረ፥ ይኸው አሠራር ማንበብ የማይችል ሕዝብ በበዛበት አገር ይሠራ እንደ ሆነ ለመፈተን ፈለገ። በ1956 ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በቦምቤይ ግዛት፥ በፑና አካባቢ ባሉ የማራቲ ቋንቋ ተናጋሪ አምስት አውራጃዎች፥ 150 ያህል መንደሮች ተመረጡ። በየመንደሩ 20 ያህል ሰው ያለበት ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ማታ እየተሰበሰበ፥ በቋንቋው የተዘጋጀ የግማሽ ሰዓት ንግግር እንዲሰማና እንዲወያይ ተደረገ። ቡድኖቹ የሚልኩት ጥያቄ በሚቀጥለው ዝግጅት መልስ ያገኝ ነበር። ዝግጅቱም በጠቅላላው 20 ነበር።

የፈተናውን ውጤት የመረመሩት በታታ የማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም የነበሩት ሊቅ ፖል ኖይራት ናቸው። እርሳቸውም ብልኀት የተመላበት ነገር አደረጉ። ሸንጎ ያለባቸውን መንደሮች ራዲዮ ከሌላቸው ጋር ብቻ አላስተያዩአቸውም፤ ራዲዮ እያላቸው ሸንጎ ከሌላቸው መንደሮችም ጋር አስተያዩአቸው። በሸንጎው መንደሮች የሰዎቹ ዕውቀት እጅግ አድጎ ተገኘ። በሌሎቹ ግን፥ ራዲዮ ባለበትም ራዲዮ በሌለበትም፥ ያደገው ከቍጥር የማይገባ ነው። ይህ ውጤት ለመንደሩ ሁሉ ራዲዮ በማደል ሥራው ያልቃል ብለው ለሚያስቡ ሰዎች መራራ ነው። ሣጥኑ ብቻውን በመንደሩ አደባባይ ተሰቅሎ ቢጮኽ ሰው እንደ ወፍ ጩኸት ይለምደዋል። ህንድም ከ1959 ጀምሮ ሸንጎውን በመላ አገሩ አስፋፋች፤ ነገር ግን በስፋት ሲሆን እንደ ሙከራው ጊዜ የሚከታተለው ሰው ስላነሰ ብርታቱ ደከመ።

ህንድን ሳንለቅ ስለ አንድ የሩዝ ዘር እንናገር። በ1960ዎቹ መካከል በደቡብ ህንድ፥ በታሚል ናዱ፥ በታንጃቩር አውራጃ ኤ ዲ ቲ 27 የሚባል አዲስ የሩዝ ዘር ወጣ። የቲሩቺራፓሊ ራዲዮ ስለዚህ ዘር ገበሬዎቹ በሚያውቁት ቋንቋ ከመዝራት እስከ ማጨድ በየደረጃው ይነግራቸው ስለ ነበረ ዘሩ ፈጥኖ ተስፋፋ። ገበሬዎቹም የዘሩን ቍጥር ለሊቃውንቱ ትተው ራዲዮ ሩዝ ብለው ሰየሙት። እኛ ብዙ የእርሻ ሪፖርት አይተናል፤ ከዚህ ስም የበለጠ የምስክር ወረቀት ግን አላየንም። ንግግሩ የደረሰው ገበሬው ማሳው ላይ ሥራውን ሊጀምር በተዘጋጀበት ሳምንት ነበርና።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንመለስ። በኡጋንዳ በ21 አውራጃዎች የየገበያው የእህል ዋጋ እየተሰበሰበ በየአካባቢው ኤፍ ኤም ጣቢያ ይነገር ጀመር። ከካምፓላ ተነሥቶ ለአገር ሁሉ አንድ ዋጋ መንገር ቀርቶ፥ የአውራጃው ሰው የአውራጃውን ዋጋ በአውራጃው ቋንቋ እንዲሰማ መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ያኮብ ስቬንሰንና ዴቪድ ያናጊዛዋ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ነገሩን መርምረው በ2009 ባወጡት ጥናት፥ አገልግሎቱ ባለበት አውራጃ ራዲዮ ያለው ገበሬ በቆሎውን በደጃፉ የሚሸጥበት ዋጋ ከመቶ 15 ያህል ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጡ። ለድኻ ገበሬ ከመቶ 15 ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም እነዚሁ ሊቃውንት በኋላ ነገሩን ሰፋ አድርገው ሲያዩት ሌላ ገጽ አገኙበት። ዋጋ የሰሙት ገበሬዎች ተከራክረው ብዙ ስለ ሸጡ፥ በገበያው እህል በዝቶ ዋጋው ወረደ፤ ጉዳቱም የወደቀው ወሬው ባልደረሳቸው ገበሬዎች ላይ ሆነ። የሰማው ከነጋዴው ጋር እኩል ሲሆን፥ ያልሰማው ከነጋዴውም ከጎረቤቱም በታች ሆኖ ቀረ። ይህ ነገር እጅግ አሳሰበን። የዋጋ ወሬ ለጥቂቱ ብቻ ሲደርስ የቀረውን ይጐዳል ማለት ነውና፥ ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ በምን ሰዓት ይነገር ከሚለው ጋር አብሮ መነሣት አለበት።

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡናንና የሰሊጥን የመሰለ ምርት ዋጋ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ፥ በስልክና በራዲዮ እንዲሰማ ለማድረግ ሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬ 8028 በሚባለው ቍጥር ስልክ ደውሎ የእርሻ ምክር በቋንቋው የሚሰማበት አገልግሎት ተጀምሯል። በስልክ የሚገኘው ጥቅም ገበሬው ሰዓቱን ራሱ መምረጡ ነው፤ ሌሊት ከብቶቹን አስገብቶ፥ ወይም ጠዋት ወደ ማሳው ሲወርድ መደወል ይችላል። ነገር ግን ስልክ የሚያዳምጠው አንድ ጆሮ ነው። ራዲዮ ቤተ ሰቡ በሙሉ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ሚስቲቱ ትጨምርበታለች፤ ለእንግድነት የመጣው ጎረቤት ይከራከርበታል። ካናዳና ህንድ ያሳዩን ደግሞ ዕውቀቱ የሚያድገው በዚያ ክርክር ውስጥ እንደ ሆነ ነው።

ለሽማግሌው ገበሬ የተነገረው ዋጋ ዋሽቶ አልነበረም፤ በትክክል ተሰብስቦ፥ በትክክል ተነቧል። ዝግጅቱን ያሰናዳው ሰው የእሑድን ቀን የመረጠው እሑድ ሰው ቤቱ ይውላል ብሎ ይሆናል፤ ይህም በራሱ ስሕተት አይደለም። የቀረው፥ ሰዓቱ ሲመደብ የገበያው ቀን መቼ እንደ ሆነ መጠየቅ ነበር። ይህንንም ጥያቄ መጠየቅ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ በየወረዳው መጠየቅ አለበት። የሽማግሌው ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ ከእርሳቸው ወንዝ ማዶ ያለው ግን ማክሰኞ ይቆማል።